«አቶ» ያልኩበት ማመልከቻ

በደርግ ጊዜ አባቴን «ጓድ» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ዓይኑ የጠፋው በዚህ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ነገሩ እንዲህ ነበር።

የምሠራው ባንክ ውስጥ፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ በሚሰጠው ክፍል፣ በታይፒስትነት ነበር። ባንኮች ከተወረሱ ወዲህ ለሕክምናም ቢሆን ከአገር የሚወጣ ምንዛሪ ኮሚቴ ካልፈቀደው ንቅንቅ አይልም። ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ይቀመጣል፤ ቃለ ጉባኤውን የምመታው እኔ ነኝ። በእነዚህ ጣቶቼ ስንቱን ሰው እንደመለስኩ እግዜር ይወቀው። «ለጊዜው ይቆይ» የምትለዋን ዓይኔን ጨፍኜ እመታት ነበር።

አባቴ መካኒሳ ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እዚህ እንደማይሠራ፣ ክረምት ሳይገባ ውጭ ሄዶ ካልታከመ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ እንደሚጠፉ ነገረን። አባቴ በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናውንና የሟች እናቴን ወርቅ ሸጠ። ብሩ ሞላ። የቀረን ፈቃዱ ብቻ ነበር።

«ልጅዎ እዚያው አይደለች እንዴ፣ ምን ያሳስብዎታል?» ይሉታል ጎረቤቶቻችን። እኔም እንደነሱ አስብ ነበር፣ ሞኝ።

ማመልከቻውን አርቅቄ አነበብኩለት። ገና መጀመሪያው ላይ አስቆመኝ።

«ጓድ አልሽኝ?»

«አባዬ፣ ደንቡ እኮ ነው።»

«የማን ጓድ ነኝ እኔ? አቶ ነኝ። አቶ ብለሽ ጻፊ! ለዓይኔ ብዬ ስሜን አልለውጥም።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አባቱን ጓድ የሚል ልጅ የት አገር አለ? በማግስቱ «አቶ» ብዬ መታሁትና አስገባሁ።

የክፍሉ ኃላፊ «አቶ»ዋን በቀይ እስክሪብቶ ከቦ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረልኝ። «ጓዲት፣ አንቺ እንኳ ይህን ትስቻለሽ? ተስተካክሎ ይቅረብ» አለ። ከንፈሬን ነክሼ አስተካከልኩት፤ ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ያ ሐሙስ አለፈን።

በሚቀጥለው ሐሙስ አጀንዳው ተለወጠ። የወዳጅ አገር የጦር መርከቦች ለጉብኝት ምጽዋ ሊገቡ ነው ተባለ። ኮሚቴው የእንግዶቹን ጉዳይ ሲመረምር ዋለ። ለግብዣው ከውጭ የሚመጣ መጠጥ ተፈቀደ። ለሚቀበሏቸው መኮንኖች የክብር ልብስ የሚሆን የወርቅ ቀለም ያለው ቁልፍም ተፈቀደ። የሕክምና ማመልከቻዎች በሙሉ «ለጊዜው ይቆይ» ተባሉ። የአባቴን ስም ከሌሎቹ ጋር ደርድሬ የመታሁት እኔው ነኝ። አንዲት ፊደል እንኳ አልሳትኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ስነግረው ልብስ ሰፊ ነውና ከመጠጡም ከመርከቡም ይልቅ የገረመው ቁልፉ ነበር።

«ቁልፍ?» አለኝ። «ቁልፍ እኮ መርካቶ ሞልቷል።»

መርከቦቹ ገቡ። ሬድዮው ስለማይበጠሰው ወዳጅነት ሌት ተቀን ይለፈልፋል፤ የወታደሩ ማርሽ ሙዚቃም አብሮ ይንቧቧል። አባቴ ደግሞ አንድ ቃል ሳያመልጠው ያዳምጣል። መቼም የኮሚቴው አባላትም ሰው ናቸው፣ እንግዶቻቸውን ሸኝተው ወደኛ ይመለሳሉ ይለኛል። አንድ ቀን ጋዜጣ ይዤለት መጣሁ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አገላበጠው፣ አዘነበለው፣ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው።

«መርከቡ የታለ?» አለኝ።

ግማሽ ገጽ የሞላ መርከብ ነበር።

እንግዶቹ ሄዱ። ኮሚቴው ለዚህ ጊዜ የተመደበው ምንዛሪ አልቋል አለ። እኔም ሐሙስ በመጣ ቁጥር «ይቆይ»ን እየመታሁ ደመወዜን በላሁ። አንድ ቀን ወረቀቱን አኝኬ ልውጠው ቃጣኝ፤ አላደረግሁትም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። መስቀል ሲደርስ አባቴ ግድግዳ እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው። ሐኪሙም አሁን ውጭ ቢሄድ ምንም እንደማይጠቅመው ነግሮናል።

ፈቃዱ የተሰጠው ከመስቀል በኋላ ነው። ደብዳቤውን እኔው መታሁት፤ ኃላፊው ፈረመበት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ጓዲት» አለኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ መካኒሳ ወረድኩ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ኮቴዬን ሰምቶ ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ ግን ትንሽ አልፎኝ ወደ ጎን ነበር።

«መጣ?»

«መጣ፣ አባዬ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱ «ለጓድ» ይላል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ለአቶ» ብዬ ጀመርኩ። ስሙን ጠራሁ፤ እስከ ፊርማው ድረስ አነበብኩለት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«አየሽ» አለኝ ደስ ብሎት፤ «አቶ ብለው ጻፉ።»