በአንድ ደሴት ላይ ብቻ የነበረች ቢራቢሮ

ከጎንደር የተነሣሁት በጥቅምት፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ የምሄደውም አንዲት ቢራቢሮ ፍለጋ ነው። አምና ጣና ውስጥ ባለች የገዳም ደሴት አገኘኋት። ቢጫ ናት፣ የክንፏ ጠርዝ ጥቁር። ፎቶዋን የላክሁላቸው ባለሙያዎች ሌላ ቦታ ታይታ እንደማታውቅ ነገሩኝ። አባጨጓሬዋ የምትበላው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚጠመጠም አንድ ሐረግ ብቻ ነው።

ሳያስፈቅዱ ወደ ገዳም መሄድ ነውር ስለሆነ "ደኑን ልጎበኝ እመጣለሁ" ብዬ መልእክት ልኬ ነበር። ስለ ቢራቢሮዋ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ጺም ያወጣ ሰው ቢራቢሮ ያሳድዳል ብለው እንዳይስቁብኝ አፈርሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ቆላ ድባ

ሚኒባሱ ዶሮውንም የሽምብራ ጆንያውንም ከነባለቤቱ ስለጫነ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ደረስሁ። ሽሮ በልቼ በጤፉ ሜዳ መሐል ወደ ጎርጎራ ቀጠልሁ። እዚያ ጀልባ ነጂው አያ ታረቀ ሐይቁን የሸፈነውን አረንጓዴ አረም በዱላ እየገፉ ጠበቁኝ።

"ምነው አያ፣ ውኃው የት ሄደ?" አልኋቸው።

"እምቦጭ ነዋ! ጀልባውን እግር ተወርች አሰረው" አሉ።

ሰባት ሰዓት፣ ደሴቱ

እንግዳ ተቀባዩ መነኩሴ አባ ገብረ ማርያም መስቀል አሳልመው ክንዴን ያዙኝ።

"እንኳን ደኅና መጡ መምህር! ይዩት እስቲ፣ ለእርስዎ ብለን ደጁን ሸጋ አደረግነው።"

የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተመንጥሮ ተራቁቷል።

"አባቴ፣ ሐረጉስ?"

"እሱማ አባጨጓሬ ያፈላል። እንግዳችንን ይለበልብብናል ብለን ከነሥሩ ነቅለን አቃጠልነው። ሦስት ቀን ፈጀብን።"

የሽማግሌው እጅ በእሾህ ተቧጥሯል። ምን ልበላቸው? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልሁ። ደሴቱን ሁለት ጊዜ ዞርሁ፤ ሐረጉ አንድ ቅጠል እንኳ አልተረፈውም። አንዲት ቢራቢሮ ግን አየሁ። እንቁላሏን የምትጥልበት አጥታ በባዶው አፈር ላይ ታርፋለች፣ ትነሣለች፣ እንደገና ታርፋለች። ዳቦና ጠላ አቀረቡልኝ፤ እንባዬን ከጠላው ጋር ዋጥሁት። ሲሸኙኝም "ለከርሞ ሲመጡ ደግሞ ከዚህ የበለጠ እናሳምረዋለን" አሉኝ።

ጎንደር የገባሁት ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ለባለሙያዎቹ የምጽፈው አጣሁ። አሁን ተስፋ የለኝም፤ ተስፋ አለኝ ብዬም አንባቢን አልዋሽም። አፍሬ የዋጥሁት አንድ ቃል ፈጃት። ተናግሬው ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ደጋግ ሰዎች ሐረጉን እንደ ዓይናቸው ብሌን በጠበቁልኝ ነበር።