ጥጋብ ነው ያልሁበት የአምበር ገበያ

በጣልያን ጊዜ ብስክሌት መንዳቴን ሲሰሙ የዛሬ ወጣቶች «ታድለዋል» ይሉኛል። ምን መታደል አለው?

ደብረ ማርቆስ ላይ የእህል መጋዘን የያዘ ጣልያን ነበር። ብስክሌት ሰጥቶ በየገበያው ይሰደኝ ነበር፤ ከማርቆስ አምበር፣ ራቅ ሲል እስከ ደጀን። ሥራዬ ጤፉን፣ ቅቤውን፣ ዶሮውን ዞሮ ማየት ነው። ስመለስ በአስተርጓሚ አፍ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ይለኛል። በእኛ አገር ይህን የተጠየቀ ሰው «ጥጋብ ነው፣ ተመስገን» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። ክፉ ዓመት ቢሆን፣ ባዶ ስልቻ ይዞ ቢገባም እንዲያው ነው። ገበያን ማማት በረከት ያርቃል።

ወሩ ሰኔ ነው። አምበር ላይ ለዘር የሚሆን ጤፍ እንኳ በፍለጋ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ተመልሼ ግን እንዳደግሁት «ጥጋብ ነው» አልሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ስደርስ እህል ተራው መሐል ካሚዮን ቆሟል። ወታደሮቹ ስልቻ እየነጠቁ ይጭናሉ። አንዲት ባልቴት ፍየሏን ሸጣ የገዛችውን የዘር ጤፍ አንቃ ይዛ ትጎተታለች። ከወታደሮቹ ጋር የመጣውን ያን አስተርጓሚ «ማልድልኝ» አለችው። እሱ «እቴ፣ እዚህ እህል ሞልቷል ያለው ያ ነው» ብሎ በጣቱ እኔን አሳያት። ስልቻውን ለቀቀችው።

«ልጄ፣ ጥጋቡን የት አየኸው?» አለችኝ።

ብስክሌቴን አዙሬ ካሚዮኑን ተከትዬ ማርቆስ ገባሁና ያን ጣልያን የሴትዮዋን ዘር መልስ አልሁት። ሳቀብኝ። አስተርጓሚው፣ «ጥጋብ ነው ያልኸው አንተ፤ እሱ ምን አደረገ?» አለኝ።

ሰኔ ላይ የጠገበ ገበሬ የት አለ? ይህን የማያውቅ ሰው ነው የእህል ሹም ተብሎ የተቀመጠብን! ሊዘርፍ ቆርጦ የተነሣ ሰው የእኔን የአፍ ልማድ ምስክር አደረገው።

ብስክሌቱን ደጁ ላይ ጣልሁለት። በጥፊ መታኝ፤ እሱን አልቆጥረውም። ከራሴ ዘር ግማሹን በአህያ ጭኜ፣ የሴትዮዋን ቤት ጠይቄ አደረስሁ። ጤፉን ተቀበለችኝ፤ ግባ ግን አላለችኝም። ጎረቤቶቿ ባንዳ አሉኝ። በእነሱ አልፈርድም። በዚያ ጣልያን ግን እስከ ዛሬ እፈርድበታለሁ፤ በራሴም ላይ።