የወንድሜ እጅና ባለሁለት ወንበሯ መኪና

ታላቅ ወንድሜ መኪና ሲሠራ ይማታል። ብሎን እምቢ ሲለው ብሎኑን ትቶ አጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል፤ አጠገቡ ያለሁት ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ አብረን ስንኖር እኔ ጢሜን የምላጭ፣ ሥራ ውዬ የምገባ ሰው ነበርኩ። ግን አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሜሪካም ያመጣኝ እሱ ነው። ስለዚህ ይመታኛል፣ እኔም እችለዋለሁ። በእኛ ቤት ታናሽ በታላቁ ላይ እጁን አያነሳም፤ እኔም አንስቼ አላውቅም።

መኪናዋን ያገለገለች ሆና ሳን ሆዜ ካለ ሰው ገዛናት። ቀይ ናት፣ ባለሁለት ወንበር፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል ስፖርት መኪና። ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ስለሆነ ነዳጅ ስትሰጣት ጀርባህን ታንቀጠቅጠዋለች። ሁለታችንም አበድንላት። ችግሯ አንድ ነበር፦ ከተማ ውስጥ ደህና ትሄድና ፍሪዌይ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ስትወጣ የሙቀት መርፌዋ ቀዩን ትነካለች።

ወንድሜ በልጅነቱ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። እዚያ መኪና ካፈላ የመጀመሪያው መድኃኒት ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚያቆየውን ያንን ትንሽ መዝጊያ አወጣውና ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ራዲያተሩን ከቧንቧ በቀዳው ውሃ ሞላው።

«አለቀ። ፈረንጅ ነገር ማወሳሰብ ይወዳል» አለኝ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

በማግስቱ ፍሪዌይ ላይ እንደገና አፈላች። እኔ ከላይብረሪ የጥገና መጽሐፍ ተውሼ አነበብኩና ግቢ ውስጥ ይዤለት ቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ኤር ይዛ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተሯ ከፊት ነው፤ በመሀል ያለው ቱቦ ረጅም ስለሆነ ውሃ ስትሞላ አየሩ ታፍኖ ይቀራል። ማስተንፈሻዎቹን ከፍተን እናስወጣው፤ ይኸው፣ ስቴፕ ባይ ስቴፕ ጽፎታል።»

መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀና በዚያው በመጽሐፉ ጀርባ አፌን መታኝ። ጥርሴ ከንፈሬን ቆረጠው።

«እኔን፣ ጋራዥ ያደግኩትን፣ በወረቀት ልታስተምረኝ ነው?»

ፎቅ ላይ የምትኖር አሜሪካዊት ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ሆና ፖሊስ ልጥራ ወይ ብላ ጮኸች። «ኖ፣ ኖ፣ ወንድሜ ነው!» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ ደሜን እየተፋሁ። ወንድሜ መሆኑ መልስ ይመስል።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሳን ሆዜ ለአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ስንሄድ፣ ሄይዋርድ የምትባለውን ከተማ አለፍ እንዳልን መርፌዋ ወጣች። ወንድሜ ነበር የሚነዳው። «ጌጁ ነው የተበላሸው» ብሎ ይበልጥ ነዳ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ነጭ እንፋሎት ፈነዳና ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ ነጠላውን እጁ ላይ ጠቀለለና የውሃውን መክደኛ ያዘ።

«ጋሼ፣ አትክፈተው! ይቀቅልሃል፤ ይቀዝቅዝ!»

«ዞር በል።»

ክንዱን ያዝኩት። በጥፊ መታኝ። እንደገና ያዝኩት። በቡጢ ሆዴን ብሎኝ አጎነበስኩ፤ የጭነት መኪኖች አጠገባችን እየጮኹ ያልፋሉ፣ ንፋሳቸው ይገፋናል። ቀና ስል ፊቱን መክደኛው ላይ ደፍቶ ሲያዞር አየሁት። መክደኛው ፉጨት ጀምሮ ነበር። በሙሉ ኃይሌ ጉንጩን በቡጢ መታሁት።

ጠጠሩ ላይ ወደቀ። መክደኛው ተፈናጥሮ የፈላው ውሃ ከሰው ቁመት በላይ ተተኮሰ፤ ፍንጣሪው ክንዴን ላጠው። እሱ ግን አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ውሃውን አላየም። ያየው የእኔን እጅ ብቻ ነው።

መኪናዋ በቶው ትራክ ተጎትታ ቤት ገባች፤ ወንድሜም ማናገር ተወኝ። እሱ ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ እኔ አዲስ ቴርሞስታት ገጠምኩላት። ፊቷን በክሪክ ከፍ አድርጌ ማስተንፈሻዎቹን ከፈትኩ፣ ማሞቂያዋን ለቅቄ ትክክለኛውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። አየሩ እየተንዶቀዶቀ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ፈሳሹ ብቻ ያለ አረፋ መጣ። ሳን ሆዜ ደርሼ ስመለስ መርፌዋ ከመሀል ወይ ፍንክች። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነበር፤ የተረታ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዳለ አውቄ የተደሰትኩት ደስታ።

ወንድሜ ግን ለሽማግሌዎች ተናግሮ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ታላቁን የመታ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወጉ እንዲያ ነው። አፓርትመንት ውስጥ ድንጋይ የት ይገኛል? አንደኛው ወረዱና ከሕንጻው የአበባ መደብ አንድ ደህና ድንጋይ አንስተው፣ ማኔጀሩ እንዳያያቸው ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው አመጡ።

«አባባ፣ እኔ ባልመታው ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር» ብዬ የተላጠ ክንዴን አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ ስለ ውሃው አልጠየቅንህም» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ወንድሜ ቀና ሳይል «ካልተንበረከከ ወንድም የለኝም» አለ።

ደሜ ፈላ። ጥዬ ልወጣም ፈለግሁ። ግን በዚህ አገር፣ በዚያኛውም አገር፣ ከእሱ ሌላ የእኔ የምለው ሰው አልነበረኝም። ጥርሴን ነክሼ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁና ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጫኑብኝ። ወንድሜ አንገቴ እስኪደነዝዝ አቆየኝ። በመጨረሻ ተነሳ። ድንጋዩን አንስቶ «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ» ሊል ነው፤ ይህን አውቃለሁ። እጁን ወደ አንገቴ ዘረጋ።

ሰውነቴ ግን አላወቀም። ጭንቅላቴን በሁለት ክንዶቼ ሸፍኜ ጥቅልል አልኩ። ድንጋዩ ተንከባልሎ ወደቀ። ከአፌም የሕፃን ድምፅ ወጣ፦

«አልደግምም ጋሼ! አልደግምም!»

ከክንዶቼ ሥር ቀና ስል ሽማግሌዎቹ ሁሉም እኔን ትተው እሱን ያያሉ። የወንድሜ እጅ አየር ላይ ቀርቷል።

«ይህን ልጅ ምን እያደረግህ ነው ያሳደግኸው?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

ወንድሜ እጁን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳና በራሱ ማጅራት ላይ ጭኖ ፊቴ ተንበረከከ። ተው፣ አንተ ታላቅ ነህ፣ ያለው ማንም የለም። እንባው ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

«አንሳለት እንግዲህ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

እወደዋለሁ። ያን ቀንም እወደው ነበር። ግን ወዲያው አላነሳሁለትም።