ከዳለቻ ጆሮ ሥር

የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ቡችላ» ይሉት ነበር። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎት፣ መንገድ ላይ ሲጠሩት ባርኔጣውን ብድግ ያደርግላቸዋል። ጉልበቱን የጨረሰው የመጋዘን ጠባቂ ውሾች እንዲጮኹ በማስተማር ነው፤ ካረጀ በኋላ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚታከሙበት ቤት አንዲት ውሻ እንዳትጮኽ ሊያስተምር ተቀጠረ። ሚስቱ፣ ዕድሜህን ሙሉ አፋቸውን ስትከፍት ኖረህ አሁን ልትዘጋ ነው ወይ እያለች ትስቅበት ነበር።

ውሻዋ በቀለሟ ዳለቻ ተባለች። ጭራዋ ቢረገጥ እንኳ ድምፅ አታሰማም። የልጆቹ ሐኪም፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ትራስ ናት» ስትለው ጋሽ ቡችላ ደረቱን ይነፋል።

የዚያች ወጣት ሐኪም ሥራ ልጆች ራሳቸውን ችለው እንዲለብሱ፣ እንዲበሉ፣ እንዲታጠቡ እጃቸውን ማለማመድ ነው። ከሰው እጅ የሚሸሽ ልጅ ለውሻ እጁን ይሰጣልና ዳለቻ የምትፈለገው ለዚህ ነበር።

ከልጆቹ አንዷ ብሩሽ ወደ ራሷ ሲጠጋ ቤቱን በጩኸት ትሞላዋለች። እናቷ ጸጉሯን የምትቆርጥላት ተኝታ ሳለች፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ነው። ይህችው ልጅ አንድ ቀን ብሩሽ አንስታ ዳለቻን አበጠረች። ሰነበተችና የራሷንም ጸጉር ግንባሯ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገች። እናቷ በሩ ሥር ቆማ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች።

ችግሩ፣ ልጅቱ የምታበጥረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዳለቻ ግራ ጆሮ ሥር። እጇን ወደ ሌላ ቦታ ያዞሩባት እንደሆነ መሬት ላይ ትዘረራለች።

ጋሽ ቡችላ አንድ ቀን ዳለቻን ሲያጥብ ከጆሮዋ ሥር ቆዳው ተልጦ አገኘው። ለሐኪሟ መንገር እንዳለበት ያውቃል። ግን የታመመች ውሻ እስክትድን ታርፋለች፤ ልጅቱስ? የእናቷ ፊት ድቅን አለበት። የሚያስመሰግነው ሥራም እንደዚሁ። ቅባት ቀባትና ጆሮዋን መልሶ ሸፈነበት፤ በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ ነገሩን በሆዱ ያዘ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ብሩሹ ሲያርፍባት ዳለቻ የጋሽ ቡችላን እግር ተጠግታ ተንቀጠቀጠች። ድምፅ ግን አላወጣችም። አይቶ እንዳላየ ሆነ። ከዚያ በኋላም እንደዚያው።

አንድ ማለዳ ዳለቻ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አልገባም አለች። ገመዱን ቀስ አድርጎ ሳበው፤ እሱ ስለሆነ ገባች። ልጅቱ ብሩሿን አንስታ የዳለቻን ጆሮ ገለጠች። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።

«ያማታል?» አለች፣ ዓይኗን ከቁስሉ ሳትነቅል።

«አዎ፣ የኔ ልጅ። ትንሽ ያማታል።»

«ታውቅ ነበር?»

ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለቷን ማንም በንቀት አይቆጥርባትም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት ነው ብላ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው። ብትቆጣው ኖሮ ማመካኛ አያጣም ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ለምን አልጮኸችም?»

«እንዳትጮኽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ብሩሹን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ሥር ደበቀች።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አልተቆጣችውም፤ «ቢነግሩኝ ምን ነበረበት፣ ጋሼ?» ብቻ አለችው። ለልጅቱ ብዬ ነው ሊል ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ለራሱ ስምም ብሎ ነበር።

ዳለቻ እቤት ተኝታ እስክትሽር ልጅቱ የምን ብሩሽ፣ ማበጠሪያ እንኳ አልነካ አለች። እናቷም እንደገና ልጅቱ ስትተኛ ጠብቃ መቀሱን ታነሳ ጀመር።

ቁስሉ ደርቆ፣ ጸጉሩ በቅሎ ተመለሱ። ልጅቱ ብሩሹን ከመንካቷ በፊት፣ «ዛሬስ ያማታል?» አለችው። ጉልበቱ እየጮኸ ተንበረከከ፤ ማለዳ ያየውን ቦታ ጸጉሩን ገልጦ እንደ አዲስ አየ።

«አያማትም» አላት።

ቃሉን አልተቀበለችውም። ራሷ ጎንበስ ብላ ልታይ መጣች። ጋሽ ቡችላም አልከፋውም፤ ደህና አድርጋ እንድታይ የዳለቻን ጆሮ ከፍ አድርጎ ያዘላት።