ቦርዱ የመለሰው ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲሱን ካሜራዋን ከኮምፒውተሬ ጋር ስታያይዝ ያቺ አጭር የደወል ድምፅ ተሰማች፤ አንድ ዕቃ በተሰካ ቁጥር የምትጮኸው። ልጄ ልብ አላለቻትም። እኔ ግን የምልጠውን ብርቱካን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ያችን ድምፅ መጀመሪያ ልብ ያልኳት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሳን ሆዜ ውስጥ የሕክምና መለኪያዎችን በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ከተቀጠርኩ ገና ወራት መቆጠራቸው ነው። አንድ ጠዋት ማናጀሬ ትንሽ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ይኸን አስነሺው። ከሠራልን ቺፑን እንገዛለን» አለኝ። ውስጡ ያለው ኢቫሉዌሽን ቦርድ የምንለው ነው፤ ቺፕ ሠሪዎች «ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት» ብለው የሚልኩት፣ መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ ሰሌዳ። መሐሉ ላይ የተበየደው ቺፕ ሥራው አንድን ዕቃ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማነጋገር ነው።

ስለ ዩኤስቢ እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ ነገር ጨዋነቱ ነው። ዕቃው እንደተሰካ ዘሎ ሥራ አይጀምርም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ይለዋል፤ ዕቃው ስሙን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የሚመጣው።

መመሪያውን እያነበብኩ ጃምፐር የሚባሉትን ትንንሽ ማያያዣዎች ቦታ ቦታቸው አስገባሁ፤ ፕሮግራሙን አብሮት ከመጣው ሲዲ ላይ ጫንኩና ሰካሁት። ቀይዋ መብራት በራች፤ ደወሉ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ግን አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብሎ በስሙ ቦታ ያወጣው ሦስት ባዶ ሳጥኖች ነበር።

አጠገቤ የምትሠራው ሊን አንገቷን አስግጋ አየችና «ተበላሽቷል፤ መልሰሽ ላኪላቸው» አለችኝ።

አዲስ ሠራተኛ ሆኜ ገና በመጀመሪያው ሥራዬ «ተበላሽቷል» ማለት ከበደኝ። ቦርዱ የላከውን ቃል በጥሬ ቁጥሩ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩ። 12A0፣ 1208፣ 1201 ይላል። ክው አልኩ። ኮሌጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ለማስጻፍ ስንታገል ከርመናል፤ በአሥራ ሁለት የሚጀምሩት የእኛ ፊደላት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ሳጥኖቹም የወጡት ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልተጫነ ነው። አንድ በአንድ ፈታኋቸው።

አለሁ።

«ሊን፣ ይሄ ነገር በእኔ ቋንቋ ነው የሚያወራው!» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

ማውንቴን ቪው ወዳለው የቺፑ ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሁሉም ሳጥን መጣብን እያለ ነው የሚደውለው» አለኝ። «እዚህ ይሠራ የነበረው ሰይፉ ነው የጻፈው። ምን ማለት ነው ስንለው ይስቅ ነበር።»

«ላነጋግረው እችላለሁ?»

«ከታንክስጊቪንግ በዓል በፊት ሞተ። ታሞ ነበር፤ ለማናችንም አልነገረንም።»

የስልኩን እጀታ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። አለሁ ይላል። ሰውየው ኦክላንድ ላሉት የሰይፉ እናት ቁጥሬን ይሰጣቸው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት።

በማግስቱ እናቱ እትዬ አስካለ ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ የሰይፉን ጽሑፍ አነበበችው አሉኝ። ምን ይላል?» በስልክ ልነግራቸው አቃተኝ። «ይዤልዎት ልምጣ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ዕለት ማናጀሬን አስፈቅጄ፣ ቦርዱን በፎጣ ጠቅልዬ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነዳሁ። ወሩ የዝናብ ነበር፤ በጋውን ሙሉ እንደ ገለባ የሚነጣው ኮረብታ አረንጓዴ ለብሷል፤ ወደ ወደቡ የሚጣደፉት ከባድ መኪናዎች ውኃ እየረጩ መስተዋቴን ያለብሱታል። እትዬ አስካለ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ጾም ስለነበር የዱባ ወጥ ሠርተዋል። «ሳትበዪ አትከፍቺውም» አሉኝ። ዱባው ጣፋጭ ነበር።

ላፕቶፔ ላይ የአማርኛ ፊደል ጭኜ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ። ሰካሁት። ደወሉ ጮኸ፤ ቃሉ ወጣ።

ያለቅሳሉ፣ ያቅፉኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን አመድ ሆነ።

«አለሁ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዴት ነህ ባልኩት ቁጥር መልሱ ይቺ ነበረች። በዚያ በመጨረሻው ዓመት አንድ ቀን ደህና ነኝ ብሎኝ አያውቅም። ‹አለሁ እማዬ› ሲለኝ፣ እኔ ሞኟ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ይመስለኝ ነበር።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ለካ ሊዋሸኝ አልፈለገም።»

ገመዱን ልነቅለው ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪው። ትንሽ ይቆይ።»

ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ሁለታችንም ቃሉን እያየን ተቀመጥን። ኋላ ላይ ራሳቸው ገመዱን ነቀሉትና «እሺ» አሉ። ለኔ ይሁን ለልጃቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰኞ ለማናጀሬ ቦርዱ ይሠራል አልኩት፤ ቺፑንም ገዛን። እትዬ አስካለን እስኪያልፉ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ኩርፊያው፣ ስለ ሳቁ ብዙ አውርተናል። ስለዚያች ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳንም።

አሁን ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። እዚህ አገር ሁላችንም መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ሆነን ነው የምንደዋወለው፤ ሰላምታችንም አጭር ነው፤ የሰው ድምፅ ሰማን ብለን ሰውየውን ያየነው ይመስለናል። ትናንት ኮንኮርድ ያለው ወንድሜ ጋ ደውዬ እንዴት ነህ ስለው «ምንም አልል» አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁትም። መኪናዬን አስነሳሁ።

ወንድሜ በሩን ሲከፍት ደነገጠ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም» አልኩት። «ፊትህን ላየው ነው የመጣሁት።»