ያለ ወንድሜ የጻፍኩት የአምስት ዓመት ውል

ባለፈው ቅዳሜ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ ከእኛ ከተማ ቀጥሎ ባለችው ሮውሌት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሜ ነበር። በቀኜ አባዬ፣ በግራዬ ጋሽ ታምራት። ሦስታችንም ጥቁር ለብሰናል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ናሆም ከሁለት ወር በፊት በመኪና አደጋ አረፈ። ናሆም የበረዶ ላይ ሆኪ እብድ ነበር። አስራ ሁለት ሰዎች ሆነው በኢንተርኔት የምናብ ሊግ ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ ቡድን ኃላፊ ነው፣ እውነተኛ ተጫዋቾችን በስም ብቻ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ በምናብ ገንዘብ ውል ይሰጣል። የናሆም ቡድን የመጨረሻ ነበር። ጥሩ ጥሩዎቹን ሸጦ በልጅ ተጫዋቾች እንደገና ሊገነባው ጀምሮ ነበር።

እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምረኝ ነበር። በየጨዋታው አስር ደቂቃ ብቻ ለሚገባ የአራተኛ መስመር ተጫዋች ከሁለት ዓመት በላይ ውል አይሰጥም፣ ክፍያውም ዝቅ ማለት አለበት። አለበለዚያ ልጆቹ አድገው ገንዘብ በሚፈልጉበት ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ውል እግርህ ላይ ይጠመጠማል ይለኝ ነበር።

ከቀብሩ ከአንድ ሳምንት በኋላ የናሆም ስልክ ላይ መልእክት ገባ። የሊጉ ኃላፊ ዴቭ ነው። የሦስት ተጫዋቾችህ ውል አልቋል፣ እስከ ዓርብ ወስን ይላል።

«ናሆም ሞቷል» ብዬ ልጽፍ ጀመርኩ... እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ቤት ሞት በቴክስት አይነገርም። አገር ቤት፣ ደሴ ያለችው አክስቴ እንኳን የናሆምን መርዶ የሰማችው በስንት ቀኑ ነው፣ ሽማግሌዎች በጠዋት ቤቷ ሄደው ነው የነገሯት። ስለዚህ «እሺ፣ እያየሁት ነው» ብዬ መለስኩ። በወንድሜ ስም።

ከዚያ በኋላ መውጫ ጠፋኝ። ለሁለቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ዓመት ሰጠሁ። ሦስተኛው ዕድሜው ሰላሳ ሦስት የሆነ፣ ጎል የማያገባ፣ ወደ ጎል የሚመታውን በሰውነቱ የሚከላከል ሰው ነው። ናሆም በጣም ይወደው ነበር። የውሉ ዘመን የሚጻፍበት ቦታ ላይ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ክፍያውንም እጥፍ አደረግኩት።

የሊጉ የመልእክት ግሩፕ በሳቅ ሞተ። አንዱ ጠጥተህ ነው ወይ አለኝ። ዴቭ ግን አልሳቀም። ለብቻዬ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦

«ናሆም፣ ይሄን ውል አንተ አልጻፍከውም። ልደውልልህ?»

ደወለ። አላነሳሁም። በሁለት ቀን አራት ጊዜ ደወለ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከደብተሮቼ ሥር እቀብረዋለሁ። የሊጉን ደንብ ከፍቼ አነበብኩ። በሌላ ሰው ስም የገባ ከተገኘ ቡድኑ ይፈርሳል፣ ተጫዋቾቹ ለሌሎቹ ይከፋፈላሉ ይላል። ናሆም ሦስት ዓመት የለፋበት ቡድን በእኔ ምክንያት ሊበተን ነው... እንዲህ በአጭር በአጭሩ እየመለስኩ ሳምንታት አለፉ።

በመጨረሻ ለጋሽ ታምራት ነገርኳቸው። የአባዬ ጓደኛ ናቸው፣ እኛ ባለንበት ጋርላንድ ከተማ መርዶ የሚነግሩት ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው። ስለ ውሉ ምንም አልጠየቁኝም። ሰውዬው ከወንድሜ ጋር በስንት በስንት ቀኑ ይነጋገር እንደነበር ጠየቁኝ። በየቀኑ አልኳቸው።

«ሦስት ዓመት በየቀኑ? እና እስከ ዛሬ መርዶውን አልተረዳም?» አሉ ደንግጠው። «ወዳጅ ነዋ፣ ልጄ! በል አድራሻውን ፈልግ።»

አድራሻው ዴቭ በበጋ ሊጉን ቤቱ ለጥብስ የጠራበት መልእክት ላይ ነበር። ቀድመን እንድንደውልለት ለመንኳቸው። ከደወልንማ ይጠረጥራል አሉኝ።

እናም ቅዳሜ በሩን አንኳኳን። ቁምጣ የለበሰ ትልቅ ሰውዬ ከፈተ። ሦስታችንንም ከላይ እስከ ታች አየን።

«አመሰግናለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አለ፣ የቤት ለቤት ሰባኪዎች መስለነው።

«እኛም አለን» አሉት ጋሽ ታምራት።

ከዚያ እንደ ደንቡ ጀመሩ። ጤናውን ጠየቁት። ቤተሰቡን ጠየቁት። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት። እንዲቀመጥ ለመኑት። የሰውዬው ፊት እየነጣ ሄደ፣ አንድ እጁ ወደ በሩ ነው። እኔ አልቻልኩም።

«ናሆም ሞቷል» አልኩ። «ሁለት ወር ሆነው። ስጽፍልህ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሙ።»

ጋሽ ታምራት በዓይናቸው ገረፉኝ። ዴቭ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነስቶ ጋራዡን ከፈተና ታጣፊ ወንበሮች አወጣልን። ማንም አውጣ አላለውም። ሣሩ ላይ ዘረጋቸውና እሱም አብሮን ተቀመጠ።

«ይሄስ ለቅሶ ያውቃል» አሉ ጋሽ ታምራት በአማርኛ፣ ቀስ ብለው።

ዴቭ ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን አምስት ዓመት?»

«ናሆም ለሚወደው ሰው አንድ ብዬ መጻፍ አቃተኝ» አልኩት። አባዬ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ቡድኑን ታፈርሰዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም ለሌባ ነው አለኝ። አዲስ ኃላፊ ሲገባ ደግሞ አንድ ውል መሰረዝ ይፈቀድለታል፣ ከፈለግክ ያንን አምስት ዓመት አሁኑኑ ላጥፋልህ አለኝ። ናሆም ቢሆን አንድ ደቂቃ ሳያስብ ያጠፋው ነበር።

«አይ... ይቆይ» አልኩት።

ስልኩን አወጣና ስሜን ጠየቀኝ። ኪሩቤል አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ። የናሆም ስም ከቡድኑ ላይ ሲጠፋና የእኔ ሲገባ አየሁ፤ ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም።

ሰኞ ከክፍል ስወጣ ግሩፑ ላይ አንዱ አዲሱን ስም አይቶ «ያ የአምስት ዓመት ውል የማን ነው?» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። «የእኔ ነው» አልኩት... በሁለት ወር ውስጥ በራሴ ስም የጻፍኩት የመጀመሪያው መልስ።