ከአርባ ምንጭ ጅማ በማስመሪያ

ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር ካርታ ላይ ርቀት መለካት እንጀራዬ ነው። ስለዚህ እኅቴ ከአርባ ምንጭ ደውላ በየት በኩል ልምጣ ስትለኝ ማንንም አላማከርኩም።

ሞባይል እኛ ወደምንኖርበት ወልቂጤ በገባ ሰሞን ነው። አባታችን አንጀቱን ታሞ ጅማ ልንወስደው ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይደረጋል ተብሏል። እኅቴ ያለ ፈቃዱ ካገባች ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አልተያዩም። ሕመሙ ሲጠናበት ግን ያ ኩሩ ሽማግሌ፣ እሷን ሳላይ ቢላዋ አይነካኝም አለ። ይህን ስነግራት አለቀሰች። ሰኞ በአውቶቡስ ተነሥታ፣ ሆሳዕና አድራ፣ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ ገብታ፣ ማክሰኞ ማታ ጅማ ለመድረስ አሰበች።

ምን አውቶቡስ አልኳት። የመምህራን ክፍሉ ካርታ ላይ ማስመሪያዬን አሳረፍኩ፤ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር። የአውሮፕላን ፍጥነት ገምቼ አካፈልኩ። መነሻና ማረፊያውን ጨምሬ እንኳ ከአርባ ደቂቃ አላለፈም። ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈሪ፣ ለምሳ ትደርሻለሽ አልኳት። ለአባቴም አፌን ሞልቼ ይህንኑ ነገርኩት። ወልቂጤና ቡታጅራ ገበያ ሲመላለስ ዕድሜውን የፈጀ ነጋዴ ነውና አርባ ደቂቃዋን ወደዳት።

ማክሰኞ ጅማ፣ አልጋው አጠገብ ሆኜ ስጠብቅ ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ደወለች። አዲስ አበባ ነኝ አለችኝ። ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም። ከአርባ ምንጭ ጅማ የምትመጣ ሴት አዲስ አበባ ምን ወሰዳት? በቀጥታ የሚበር የለም፣ ሁሉም አዲስ አበባ ገብቶ ነው የሚወጣው፣ የዛሬው የጅማ በረራ ሄዷል፣ ቀጣዩ ነገ ከሰዓት ነው አለች። ትኬቱን ስትገዛ ነግረዋት ነበር፤ ጋሼ ካለ ብላ እኔን አመነች። ያላዋቂ ሳሚ ሆንኩባት። በሚኒባስ ተነሥታ ወልቂጤ ስትደርስ መሸ፤ ከጎረቤት ቁልፍ ተቀብላ፣ እኛ ዘግተነው በመጣነው ቤት ልታድር መሆኑን ማታ ደውላ ነገረችኝ።

ይህን ለአባቴ ማስረዳት ጀመርኩ። ተምታታብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

"እኛ እዚህ፣ እሷ እቤታችን?" አለ።

"በአውሮፕላን ስለመጣች ነው፣ አባባ።"

"አርባ ደቂቃ ነው ያልከው አንተ ነህ። መምጣት ያልፈለገ ሰው ነው እንዲህ የሚዞረው።"

ሰሜኑን፣ ደቡቡን፣ የትኬቱን ነገር ሁሉ ደረደርኩለት። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጠዋት ተራው ሲደርስ ትንሽ እንዲጠብቁን ሐኪሙን ለመንኩት። አባቴ ግን ራሱ ይውሰዱኝ አለ። እሱ ከገባ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ እኅቴ አቧራ ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። እሱ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በሕይወት አልወጣም።

አስከሬኑን ይዘን ወደ ወልቂጤ ስንመለስ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ መንገድ ላይ እንደነበርኩ ያውቃል?"

"ነግሬዋለሁ" አልኳት።

ተመስገን አለች። አምኖህ ነበር ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።